ከቅጠል እስከ ክኒን፦ መድኃኒት ከየት ይመጣል?

ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት አለ። አንዷ ክኒን የምትይዘው 0.25 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ አንድ ግራም ለመሙላት 4,000 ክኒን ያስፈልጋል። ይህ መድኃኒት ዛሬም የሚገኘው ከእርሻ ነው። ዲጂታሊስ ላናታ የተባለው ተክል ይዘራል፣ ቅጠሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ መድኃኒቱ ከዚያ ይወጣል። ሞለኪውሉ ውስብስብ ስለሆነ ከባዶ ተነስቶ በላቦራቶሪ ከመገጣጠም ተክሉን ማብቀሉ ይቀላል። አስፕሪን ደግሞ ተቃራኒው ነው። የዘር ሐረጉ ከአኻያ ዛፍ ቅርፊት ቢመዘዝም ዛሬ የሚሠራው ፌኖል ከሚባልና ከነዳጅ ዘይት ከሚገኝ ጥሬ ዕቃ ነው።

እንግዲህ ዲጎክሲንን «ተፈጥሯዊ»፣ አስፕሪንን «ኬሚካል» ብሎ የመጀመሪያውን የማይጎዳ፣ ሁለተኛውን አደገኛ ማድረግ ይቻል ይሆን? ከሁለቱ በትንሽ የመጠን ስህተት ሰው የሚገድለው ከቅጠል የሚወጣው ነው። አንድ ሞለኪውል ከቅጠል ይውጣ ከብረት ጋን፣ ቅርጹ አንድ እስከሆነ ድረስ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ያው ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ምን ያህል አለው? ከምን ጋር ተደባልቋል? የዛሬው ከትናንቱ እኩል ነው? የመድኃኒት ሥራ ድካም አብዛኛው እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ የሚደረግ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርዝ የሚያመርቱ ፍጥረታት

ተክል ለሰው ብሎ መድኃኒት አይሠራም። መሸሽ ስለማይችል ራሱን የሚከላከለው በመርዝ ነው። ቅጠሉን የሚበላው ትል፣ የሚግጠው እንስሳ፣ ሥሩን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ሁሉ ጠላቱ ነው፤ ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው የወባ መድኃኒት ኪኒን የሚመረውም ያለ ምክንያት አይደለም። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችና ሻጋታዎች ደግሞ በቦታና በምግብ ይሻማሉ፤ ተቀናቃኝን ከሚገድሉበት ኬሚካል ውስጥ ብዙውን እኛ አንቲባዮቲክ ብለን እንጠቀምበታለን።

እባብም ከዚህ አይለይም። ጃራራካ የተባለው የብራዚል እባብ የነደፈው እንስሳ የደም ግፊቱ ያሽቆለቁላል። መርዙ ውስጥ ያለ ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የፕሮቲን ቁራጭ፣ የደም ሥርን የሚያጠብ ሆርሞን እንዲፈጠር የሚያደርገውን ኤንዛይም ይዘጋዋል። ይህን ፔፕታይድ እንዳለ መዋጥ አይቻልም፤ ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ሥጋ ይፈጩታል። ስለዚህ ኬሚስቶች ኤንዛይሙን የሚዘጋውን ጫፍ ብቻ አስመስለው ሊዋጥ የሚችል ትንሽ ሞለኪውል ሠሩ። ካፕቶፕሪል ይባላል፤ በ1981 ለደም ግፊት ተፈቀደ። ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል እየተባሉ በ«ፕሪል» የሚያልቁት የግፊት ክኒኖች የእሱ ታናናሾች ናቸው።

አንድ ሐኪም፣ አንድ ቅጠል፣ አሥር ዓመት

ወደ ዲጂታሊስ እንመለስ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ በ1775 ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ ለሚያብጥ ሕሙማን የሚሰጥ አንድ የባህል መድኃኒት እንዲመረምር ተጠየቀ። ቅመሙ 20 ያህል ዕፅ ነበረበት። ከመካከላቸው የሚሠራው ዲጂታሊስ ብቻ እንደሆነ ለመገመት ብዙ አልፈጀበትም። አሥር ዓመት የፈጀበት መጠኑን ማወቅ ነው።

ሥሩን ሞከረ፤ ኃይሉ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። ቅጠሉም እንደ ተለቀመበት ጊዜ ይለያያል። በመጨረሻ ተክሉ ሊያብብ ሲል ቅጠሉ እንዲለቀም፣ ግንዱና መሃል ጅማቱ እንዲወገድ፣ የቀረው ደርቆ እንዲፈጭ ወሰነ። ለአዋቂ ከ1 እስከ 3 ግሬን፣ ማለትም ከ65 እስከ 195 ሚሊ ግራም ዱቄት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል። መቼ ይቁም? በኩላሊት፣ በጨጓራ፣ በልብ ምት ወይም በአንጀት ላይ ከሚታዩት ለውጦች የመጀመሪያው እንደታየ። በ1785 ባሳተመው ዘገባ የዳኑትንም ያልዳኑትንም ሕሙማን አብሮ ማቅረቡ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ዋናውን ችግር አልፈታም። የዱቄቱ ክብደት ይታወቃል፤ በውስጡ ያለው መድኃኒት ግን አይታወቅም። ከአንድ ማሳ የተለቀሙ ሁለት ቅጠሎች እንኳን እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ሲድኒ ስሚዝ ዲጎክሲንን ከዲጂታሊስ ላናታ ነጥሎ ያወጣው በ1930 ነው፤ «የዛሬው ከትናንቱ እኩል ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሙሉ መልስ መስጠት የተቻለውም ከዚያ በኋላ ነው።

ነጥሎ ማውጣት

አካሄዱ በጥቅሉ ይህን ይመስላል። ተክሉ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ የሚፈለገውን ነገር በሚያሟሟ ፈሳሽ (ውኃ፣ አልኮል፣ ኢተር) ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ፈሳሹ ይተናል። የሚቀረው ዝቃጭ በውስጡ ብዙ ዓይነት ነገር ስላለበት ደግሞ ደጋግሞ ማጣራት ይጠይቃል። አልካሎይድ ለሚባሉት፣ ሞርፊንንና ኪኒንን ለመሰሉ የተክል ኬሚካሎች፣ አንድ የቆየ ዘዴ አለ። ውኃው ላይ አሲድ ሲጨመርበት አልካሎይዱ ጨው ሆኖ ይሟሟል፤ ዘይትና ሙጫው ውጭ ይቀራል። ቀጥሎ ውኃው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲደረግ አልካሎይዱ ውኃውን ይጠላና ወይ ይዘቅጣል ወይ ከላይ ወደ ተጨመረው ኢተር ይሸሻል። ጀርመናዊው የመድኃኒት ቀማሚ ፍሪድሪሽ ዘርቱርነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሞርፊንን ከኦፒየም የለየው፣ ፈረንሳውያኑ ፔልቲዬና ካቫንቱ በ1820 ኪኒንን ከሲንኮና ቅርፊት ያወጡት እንዲህ ባለ ብልሃት ነው።

የማይሆን ፈሳሽ መምረጥ ወይም ሙቀቱን ማብዛት ሁሉን ሊያበላሽ ይችላል። ለዚህ አርቴሚሲኒን ከተባለው የወባ መድኃኒት ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ቻይና በ1967 ለወባ አዲስ መድኃኒት የመፈለግ ሥራ ጀመረች። ቱ ዮዮ የምትመራው ቡድን ከፈተሻቸው ዕፀዋት አንዱ ቺንግሃው ነበር፤ ውጤቱ ግን አንድ ጊዜ ጥሩ፣ ሌላ ጊዜ ከንቱ ይሆናል። ቱ ወደ ጥንቶቹ መጻሕፍት ተመለሰች። ጌ ሆንግ የተባለው የአራተኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ዕፁን በውኃ ዘፍዝፎ ጭማቂውን አጥልሎ መጠጣት እንጂ ስለ መቀቀል አያነሳም። ምናልባት የሚያበላሸው ሙቀቱ ይሆን? ውኃውንና እሳቱን ትታ ኢተር መረጠች፤ ኢተር የሚፈላው በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የተሰጠው ናሙና ወባ የያዛቸውን አይጦች ሙሉ በሙሉ አዳነ። ንጹሑ ቅንጣት፣ አርቴሚሲኒን፣ በቀጣዩ ዓመት ተለየ፣ ቱም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነች።

ቁልፉ ሞለኪውሉ ውስጥ ያለ የሁለት ኦክስጅኖች ድልድይ ነው። የወባ ተህዋሲው የደም ቀይ ሕዋስ ውስጥ ሄሞግሎቢን ሲፈጭ ብረት ያለው ቅሪት ይተርፈዋል፤ ብረቱ ድልድዩን ሲሰብረው የሚፈጠሩት ቁጡ ቁርጥራጮች ተህዋሲውን ይፈጁታል። ድልድዩ ከሌለ መድኃኒት የለም።

«ታዲያ ቅጠሉን አፍልቶ መጠጣትስ?» የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው። አርቴሚሲኒን ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ ቅጠል ውስጥ ያለው መጠንም ከዝርያ ዝርያና ከማሳ ማሳ በእጅጉ ይለያያል። ከጽዋው የሚገኘው ትኩሳቱን ሊያበርድና ተህዋሲዎቹን ግን ሳይጨርስ ሊቀር ይችላል። የተረፉት ተመልሰው ይራባሉ፣ መድኃኒቱንም መቋቋም ይለምዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን የማይደግፈው ለዚህ ነው። ንጹሑም ቢሆን ብቻውን አይሰጥም። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች በሰዓታት ውስጥ ከደም ስለሚጠፉ ለቀናት ከሚቆይ ሌላ መድኃኒት ጋር ይጣመራሉ። ለምሳሌ አርቴሜተር 20 ሚሊ ግራምና ሉሜፋንትሪን 120 ሚሊ ግራም በአንድ ክኒን ይመጣሉ። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ሰው 4 ክኒን በአንድ ጊዜ፣ በሦስት ቀን 6 ጊዜ፣ በድምሩ 24 ክኒን ይወስዳል። ሉሜፋንትሪን ስብ ስለሚወድ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገባም። ሁለተኛው ቀን ላይ ተሽሎኛል ብሎ ማቋረጥ የሻዩን ስህተት በክኒን መድገም ነው።

ተገኘ፤ ግን ከየት ይዳረስ?

ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ለሁሉም ማዳረስ ሌላ። በ1962 ከፓስፊክ ይው ዛፍ የተሰበሰበ ቅርፊት ካንሰርን የሚያጠቃ ነገር እንዳለው ታወቀ፤ ፓክሊታክሰል ይባላል። መጀመሪያ ላይ ከ12 ኪሎ ግራም ደረቅ ግንድና ቅርፊት የወጣው ግማሽ ግራም ነበር። እስቲ እናስላው። የተለመደው መጠን ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ 175 ሚሊ ግራም ነው፤ 1.7 ካሬ ሜትር ያለው ሰው በአንድ ዙር 300 ሚሊ ግራም ገደማ፣ በስድስት ዙር 1.8 ግራም ይወስዳል። በዚያ ምርት ከሄድን ለአንድ ሕመምተኛ ከ40 ኪሎ በላይ ደረቅ ቅርፊት ያስፈልጋል። ዛፉ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፣ ቅርፊቱ ከተላጠ ደግሞ ይሞታል። መፍትሔው የመጣው ከአውሮፓዊው የይው ዝርያ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ የሞለኪውሉ ትልቁ ክፍል ተሠርቶ ይገኛል፣ ኬሚስት የጎደለውን ጅራት ይቀጥልበታል። ቅጠል ደግሞ ተከርክሞ መልሶ ይበቅላል። ኋላም የተክሉን ሕዋስ ብቻ በጋን ውስጥ ማራባት ተቻለ።

የፔኒሲሊን ጣጣ ከዚህም ይብሳል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ሻጋታው ባክቴሪያ እንደሚገድል አየ፤ አጣርቶ ማውጣት ግን አልተቻለም። ምክንያቱ ኬሚካዊ ነው። ፔኒሲሊን ደካማ አሲድ ሲሆን ከውኃ ወደ ኢተር እንዲሸሽ ፈሳሹን አሲድ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አሲዱ ግን ራሱን ፔኒሲሊኑን ይሰብረዋል። ኦክስፎርድ ውስጥ ከፍሎሪና ከቼይን ጋር ይሠራ የነበረው ኖርማን ሂትሊ መላ አገኘ፦ ፈሳሹን አቀዝቅዞ፣ አሲዱን ጨምሮ፣ ፔኒሲሊኑን ወደ ኢተር ወይም አሚል አሲቴት ማሸጋገር፣ ከዚያም ሳይዘገይ በጥቂቱ አልካሊ በሆነ ውኃ ወደ ውኃ መመለስ። በግንቦት 1940 ስምንት አይጦች ገዳይ ባክቴሪያ ተወጉ፤ ፔኒሲሊን ያገኙት አራቱ ሲተርፉ ያላገኙት አራቱ እስኪነጋ ሞቱ።

ለሰው ሲደርስ ግን እጥረቱ ገነነ። አልበርት አሌክሳንደር የተባለ ፖሊስ በየካቲት 1941 መርፌው ተጀመረለትና በቀናት ውስጥ መሻሻል አሳየ። ኩላሊት ፔኒሲሊንን ቶሎ ስለሚያስወጣ ሐኪሞቹ ሽንቱን እየሰበሰቡ መድኃኒቱን መልሰው ያወጡ ነበር። ያም አልበቃ። ክምችቱ አለቀ፣ ሕመሙ ተመለሰ፣ ሰውየው በመጋቢት ሞተ። ነገሩ የተለወጠው አሜሪካ ውስጥ ሻጋታውን ከበቆሎ ስታርች ፋብሪካ በሚተርፍ ፈሳሽ መመገብ፣ የበለጠ የሚያመርት ዝርያ መምረጥ (ከነዚህ አንዱ የተገኘው ከሻገተ ሐብሐብ መሰል ፍሬ ነው) እና በጥልቅ ጋን አየር እየነፉ ማብቀል ሲጀመር ነው።

ያ የአሲድ ድክመት ዛሬም በየቤቱ አለ። ፔኒሲሊን ጂ በመርፌ የሚሰጠው የጨጓራ አሲድ ስለሚያጠፋው ነው። አሞክሲሲሊን ግን የሞለኪውሉን ዋና ቀለበት ከሻጋታው ወስዶ፣ ጎኑ ላይ በኬሚስት እጅ ሌላ ቁራጭ ስለተቀጠለለት ይዋጣል። የልጆች አሞክሲሲሊን በዱቄት የሚሸጠውስ ለምንድን ነው? ቀለበቱ ውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚፈርስ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተረፈውን ለሚቀጥለው ሕመም ማስቀመጥ ውኃ እንደማስቀመጥ ነው።

ኢንሱሊንም መጀመሪያ የመጣው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነው። በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተወጋው የመጀመሪያ ጭማቂ ስኳሩን ብዙም አላወረደም፤ የተወጋበትም ቦታ መግል ቋጠረ። ጄምስ ኮሊፕ በ12 ቀን ውስጥ የአልኮሉን መጠን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረገ ሌሎቹ ፕሮቲኖች የሚዘቅጡበትን፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና ሟሙቶ የሚቆይበትን ነጥብ አገኘ። ያን ጠልሎ አልኮሉን ትንሽ ሲያከርረው ኢንሱሊኑ ራሱ ዘቀጠ። ሁለተኛው መርፌ ሠራ። የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው ከ51 አሚኖ አሲዶች በአንዱ፣ የከብት በሦስቱ ነው። ከ1982 ጀምሮ የሰው ጂን የገባባቸው ባክቴሪያዎች በጋን ውስጥ የሰውን ኢንሱሊን ያመርታሉ።

ተፈጥሮ የሰጠችውን ማረም

አንዳንዴ የተገኘው ሞለኪውል ይሠራል፣ ግን ያስቸግራል። ከአኻያ ቅርፊት መስመር የመጣው ሳሊሲሊክ አሲድ ጨጓራን ያቃጥል ነበር። በ1897 ፌሊክስ ሆፍማን አሴቲል የተባለ ትንሽ ቁራጭ ጨመረበት፤ አስፕሪን ሆነ። የዚያ ቁራጭ ትልቁ ሥራ ግን የታወቀው ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። አሴቲሉ ከመድኃኒቱ ተነቅሎ ደም እንዲረጋ በሚረዳ ኤንዛይም ላይ ለዘለቄታው ይለጠፋል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ኒውክሊየስ ስለሌላቸው አዲስ ኤንዛይም መተካት አይችሉም፤ ዕድሜያቸው እስኪያልቅ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደታሰሩ ይቆያሉ። ከቀዶ ሕክምና በፊት «አስፕሪን ትወስዳለህ?» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ከተፈጥሮ ምንም ያልተበደሩ መድኃኒቶችም አሉ። የበሽታው ፕሮቲን ይጠናል፣ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚገጥመው ሞለኪውል በላቦራቶሪ እየተፈለገና እየተሻሻለ ይሠራል። በ2001 ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የተፈቀደው ኢማቲኒብ ከዚህ መስመር ነው። ስማቸው በ«ማብ» የሚያልቅ መርፌዎች ደግሞ አንቲቦዲ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከሃምስተር እንቁላል ዕጢ በተወሰዱ ሕዋሳት ውስጥ ይመረታሉ።

የሚያበላሸው ሁልጊዜ መድኃኒቱ አይደለም

በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላማይድ የተባለ፣ በክኒን መልክ በደህና ይወሰድ የነበረ መድኃኒት በሽሮፕ መልክ ወጣ። ማሟሟያው ዳይኤቲሊን ግላይኮል ነበር፤ ጣፋጭ ነው፣ ኩላሊት ይገድላል። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ከመካከላቸው ሕፃናት ነበሩበት። ከመሸጡ በፊት ጉዳት አልባነቱ ይረጋገጥ የሚለው የአሜሪካ ሕግ በ1938 የወጣው በዚህ ሰበብ ነው። ያው መርዝ በ2022 በጋምቢያ የልጆች ሽሮፕ ውስጥ ተገኘ። የሚገባው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል መሆን በነበረበት ጥሬ ዕቃ ተመስሎ ነው። ሽሮፕ የወሰደ ልጅ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ከቆመ ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ሄፓሪን የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ አሁንም የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ሽፋን ነው። በ2008 የተበከለ ሄፓሪን ሰዎችን ሲገድል ብክለቱ ከተለመደው ፍተሻ አምልጦ ነበር፤ የተጨመረው ነገር በባሕርይው ከሄፓሪን ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ለመለየት የረቀቀ መሣሪያ አስፈለገ።

0.25 ሚሊ ግራም እንዴት ይከፋፈላል?

ንጹሑ ዲጎክሲን ዱቄት ተገኘ እንበል። 100 ሚሊ ግራም የምትመዝን ክኒን ውስጥ መድኃኒቱ ከ400 እጅ አንድ እጅ ነው፤ የቀረው ላክቶስ (የወተት ስኳር)፣ ስታርችና ማሽኑ ላይ እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ማለስለሻ ነው። አንድ ማንኪያ መድኃኒት ከ399 ማንኪያ ላክቶስ ጋር በአንዴ ቢቀላቀል አንዱ ጥግ ይከማችና አንዷ ክኒን ባዶ፣ ሌላዋ ገዳይ ትሆናለች። ስለዚህ አንድ እጅ ከአንድ እጅ ይቀላቀላል፤ ሁለት የሆነው ከሁለት፣ አራት የሆነው ከአራት እያለ ይሄዳል። የዱቄቶቹ ቅንጣት መጠንም መቀራረብ አለበት፤ ካልሆነ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል። ከተጠፈጠፈ በኋላ ከየምርቱ 10 ክኒን ተወስዶ በውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ በአንድ ይለካል፤ የሁሉንም አማካይ ማወቅ አይበቃም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሕመምተኛው ሰውነት የራሱ ሚዛን አለው። ዲጎክሲን የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። ሽንት የሚያበዛ ክኒን ፖታሲየምን ካሳነሰ ያው መጠን መርዝ ይሆናል። ስለዚህ የተረሳውን ለማካካስ ሁለት ክኒን በአንዴ አይወሰድም። መጠኑ ሲበዛ ቀድሞ የሚመጣው የምግብ ፍላጎት ማጣትና ማቅለሽለሽ ነው፤ የልብ ምት ይዛባል፤ አንዳንዱም ነገር ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታየዋል። ዊዘሪንግ በ1785 ያችኑ ቢጫና አረንጓዴ ጽፏታል።